የፎቁ ዋሶች

እኔ ዝም የምል ሰው ነበርኩ። ይህን ሲያነቡ የሚስቁ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ዛሬ የሚያውቀኝ ሰው ዝምታዬን አያውቀውም። ያኔ ግን፣ በደርግ ጊዜ፣ ሞጣ ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን፣ “ደህና አደራችሁ” ብዬ ገብቼ “ደህና እደሩ” ብዬ የምወጣ፣ በመካከሉ የጽሕፈት መኪናዬ ብቻ የምትንጫጫ ልጅ ነበርኩ። የቢቸና ተወላጅ ነኝ። ሞጣ ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ስሜም የሺወርቅ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ “የቢቸናዋ” ነበር የሚለኝ።

የምንሠራው የከተማው ሰው በአጭሩ “ፎቁ” በሚለው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ሌላ ፎቅ ስላልነበረ ማንም አይሳሳትም። ታችኛው ክፍል ጥርብ ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ፣ ከፊት ለፊቱ ሲረግጡት የሚያቃስት የእንጨት ሰገነት አለው። ድንጋዩን የአካባቢው ገበሬ በሸክም፣ ቆርቆሮውን ሙስሊም ነጋዴዎች በበቅሎ አምጥተው በጋራ እንዳሠሩት ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ከተማው የተጣላውም የታረቀውም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። በኋላ ከአደባባዩ ማዶ የብሎኬት ቢሮ ተሠራልንና የጽሕፈት መኪናዬን ይዤ ተሻገርኩ። ፎቁ ባዶውን ቀረ።

አንድ ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ከበላይ የተላኩ ጓድ ታረቀኝ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ካኪ የለበሱ፣ ረጅም፣ ቆጣ ቆጣ የሚሉ፣ ግን ክፉ የማይባሉ ሰው። ነገሩ አጭር ነበር። ለአብዮት በዓል አደባባዩ ላይ የክብር መድረክ ይሠራል፤ ለመድረኩ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ድንጋዩ ከፎቁ ይገኛል። ፎቁ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ስለሆነ ማክሰኞ ይፈርሳል። “ተቃውሞ አለ?” ሲባል ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። በፎቁ በኩል ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው የሚያዩት አለቃዬ እንኳ ጫማቸውን አዩ።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። “በሙሉ ድምፅ ጸደቀ” ብዬ ልጽፍ ስል አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ግንበኛ ነበር። ቢቸና የነበረውን አንድ አሮጌ የችሎት ቤት በወጣትነቱ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነው። ለውጡ እንደመጣ ድንጋዩ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተብሎ ቤቱ ፈረሰ። ድንጋዩ ተከመረ፤ ሌላው ሥራ ግን አልመጣም። ክምሩ ላይ ሣር በቀለበት፣ ፍየል ወጣበት። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ በኩል አላለፈም፤ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም እንኳ ዙሪያውን ዞሮ ነበር የሚሄደው። ይህን እያሰብኩ ሳላውቀው እጄ ወጣ።

“ሙዚየም ይሁን” አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ስለ ቅርስ ጥበቃ በሬዲዮ ሲወራ ሰምቼ ነበርና እሱኑ ደገምኩት፤ የሞጣ ሕዝብ የራሱን ታሪክ የሚያይበት ቤት ቢኖረው ለአብዮቱም ኩራት ነው አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ጓድ ታረቀኝ ግን አልሳቁም።

“ሙዚየም የሚያሰኘው ዕቃው ነው” አሉኝ። “ባዶ ቤት ሙዚየም አይባልም። እኔ ነገ ለስብሰባ ቢቸና እሄዳለሁ፤ ሰኞ እመለሳለሁ። ስመለስ የሚታይ ነገር ካለ እናየዋለን። ከሌለ ማክሰኞ የመጀመሪያውን ዶማ የምታነሺው አንቺ ነሽ።”

“እሺ” አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ዐርብ የሠራሁትን ሥራ ሳስበው እስከ ዛሬ ሳቄ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱን ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ ከተማውን አዳረስኩት። ጥንታዊ ዕቃ ያለው ነዋሪ ሁሉ እስከ ሰኞ ፎቁ ድረስ አምጥቶ እንዲያስረክብ እየለፈፍኩ ዞርኩ። እስቲ አስቡት። መሬት ተወርሷል፣ ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ ጠመንጃ ተለቅሟል። ሰው የአያቱን ጋሻ ገለባ ውስጥ፣ የእናቱን አልቦ ግድግዳ ውስጥ ሸሽጎ በሚኖርበት ጊዜ እኔ በማጉያ “አስረክቡ” እላለሁ። ያን ቀን ከሞጣ ተጭኖ ወደ ገጠር የወጣ አህያ ሁሉ ወደ ገበያ የሚሄድ አልነበረም። የተደበቀው ይበልጥ ተደበቀ።

እስከ ማምሻው ፎቁ በር ላይ ተቀምጬ የመጣልኝ ቢኖር ብርጭቆው የተሰበረ ፋኖስ፣ የማይናገር ሬዲዮና ቂጡ የተነደለ በርሜል ነው። አንድ ቀልደኛ ደግሞ አማቱን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ከእሳቸው የቆየ ነገር ቤቴ ውስጥ የለም፣ ፈርመሽ ተረከቢኝ አለኝ። አሮጊቷ ከሁሉም በላይ ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ የገባሁት እያለቀስኩ ነው።

ቅዳሜ ማጉያውን መልሼ ቤት ለቤት በእግሬ ዞርኩ። ሁሉም በክብር አስቀመጡኝ፤ ሁሉም ጠላ ቀዱልኝ፤ ሁሉም “ምን አለን ብለሽ ልጄ” አሉኝ። ተስፋ አልቆረጥኩም ብል ውሸት ነው፤ ቆርጬ ነበር፤ ግን ተስፋ ቆርጬም መዞሬን አልተውኩም። እኩለ ቀን ላይ እግሬ ሲዝል ሐጂ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰይድ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ የኖሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ውሃ ሰጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ መሐል አንድ ገበሬ መጣ። ዓባይን ተሻግሮ ሊሄድ ስለሆነ የሚስቱን የብር መስቀልና አዲስ ጋቢውን ሐጂ ዘንድ ሊያስቀምጥ ፈልጓል። ሐጂ ዕቃውን አልነኩትም። ማንን ዋስ ልጥራልህ ብለው ጠየቁት፤ እሱም እትዬ አገሬን አለ። እትዬ አገሬ የሐጂ ጎረቤት፣ ባላቸው የሞተባቸው ክርስቲያን ሴትዮ ናቸው። ተጠርተው መጡ። ገበሬው ዕቃውን እያቀበለ “አደራዎን” አለ። ሐጂ ተቀበሉ። እትዬ አገሬ “እኔ አለሁበት” አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በቃ፣ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ።

ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ቢቸናም እንዲሁ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ልማድ ነው። ያን ቀን ግን ልቤ ዘለለ። ሰው የፈራው ዕቃውን መስጠት አልነበረም፤ ዕቃው ሲጠፋበት የሚጠይቀው ሰው ማጣቱን ነው። እኔ በማጉያ ስለፍፍ ዋስ አልጠራሁም። ዋስ የሌለው ተቀባይ ደግሞ ወሳጅ እንጂ ተቀባይ አይባልም።

“ሐጂ፣ እኔ አደራ ብቀበልስ ማን ይዋሰኛል?” አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “እዚህ አገር ዘመድ አለሽ?”

“የለኝም።”

“ደግ። ዘመድ ዘመዱን አይዋስም፤ ያደላል። ዘመድ ከሌለሽ ከተማው ሁሉ ሊዋስሽ ይችላል። ግን አስቢበት። ዕቃው አንድ ነገር ቢሆን የዋስሽ ስም አብሮ ይጠፋል። የዋሷን ስም ያጠፋች ሴት ሞጣም ቢቸናም አትቀመጥም።”

“አስቤበታለሁ” አልኩ። አላሰብኩበትም ነበር፤ ግን ወስኜ ነበር።

ሐጂ ወደ ጓዳ ገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። አያታቸው ሲነግዱበት የነበረ አሞሌ ጨው ነው፤ ሌላው ሁሉ አልቆ እሱ ብቻ ለመታሰቢያ የቀረ። እትዬ አገሬን አስጠርተው ለእኔ ዋስ እንዲሆኑ ጠየቋቸው። እትዬ አገሬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና “እኔ አለሁበት” አሉ። ከዚያ ግን እንደ ቅድሙ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

“ለሰው ዕቃ የተዋስኳትን ለራሴ ብፈራት ነውር ነው። ነይ ተከተዪኝ” አሉኝ።

ከቤታቸው ጀርባ ካለው የገለባ ክምር ሥር ቆፍረው ያወጡት የበቅሎ ኮርቻ ነበር፤ ልጓሙ በብር የተለበጠ፣ የሚለብሰው ግላስ በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ። ባላቸው ሲያገቧቸው እሳቸው ሙሽራ ሆነው በዚያ ተቀምጠው ነው የመጡት። ይህ ከተገኘብሽ የባላባት ወገን ትባያለሽ ብለው ሰዎች ስላስፈራሯቸው ከቀበሩት ቆይቷል። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ዋስ አድርገው የጠሩት ሐጂ ሰይድን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ማጉያ ሳይዞር ሰው መምጣት ጀመረ። መሪጌታው የመምህራቸውን ብራና መፋቂያ ይዘው መጡ፤ ሸማኔው የአባቱን መወርወሪያ፤ አንዷ ብርሌ፣ ሌላው ጋሻ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱን ዋስ ይጠራል፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን። አዳራሹ “አደራሽን” እና “እኔ አለሁበት” በሚል ድምፅ ተሞላ። የቀልደኛው አማት ደግሞ በገዛ እግራቸው መጡ። “ዐርብ እኔን አልረከብ አልሽ፤ ዛሬ እንኳ አልቦዬን ተቀበዪ” ብለው የብር አልቦአቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ።

ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ግን ፍርሃቱ መጣ። እስከዚያ ድረስ ሊፈርስ የነበረው ቤት ብቻ ነበር። አሁን የጓድ ታረቀኝ መኪና ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ የሚፈርሰው ስንት ቤት ነው? ሰው ከደበቀበት አውጥቶ አምኖ የሰጠኝን ነገር በገዛ እጄ ለመንግሥት አሳይቼ ማስወሰዴ ነው። መሸሽም አይቻልም፤ አፌ ተናግሯል፣ እጄ ተቀብሏል። ስለዚህ ነጠላዬን አጥብቄ ለበስኩና በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

ላንድሮቨሩ ረፋዱ ላይ ደረሰ። የሚነዳው በሪሁን የሚባል የቢቸና ሰው ነው፤ የሠፈሬ ልጅ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ጓድ ታረቀኝ ከአለቃዬ ጋር ወደ አዳራሹ ገቡና በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዲህ ይሆናል ብለው እንዳልጠበቁ ፊታቸው ያስታውቃል። ከዕቃ ወደ ዕቃ እየሄዱ፣ እየጠየቁ፣ አሞሌውን እንደ ልጅ በምላሳቸው ሊቀምሱ ምንም አልቀራቸውም። ዋሶቹ ከነባለዕቃዎቹ ከጠዋት ጀምሮ መጥተው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ያዩዋቸዋል። ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

ኮርቻው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ልጓሙን አገላበጡት። “ይህማ ሞጣ የሚቀር አይደለም። ደብረ ማርቆስ ለክፍለ ሀገሩ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። በሪሁን፣ ጫነው” አሉ።

እትዬ አገሬ ወደ ሐጂ ሰይድ ተመለከቱ። ሐጂ ሰይድ ደግሞ ወደ እኔ ተመለከቱ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ቁጣ የለበትም፤ ወቀሳም የለበትም፤ አደራውን የተቀበልሽው አንቺ ነሽ የሚል ብቻ ነው።

በኮርቻውና በበሪሁን መካከል ገብቼ ቆምኩ። “ጓድ፣ ይውሰዱት” አልኩ፤ “ግን ዋስ ይጥሩ።”

“ምን?”

“እዚህ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ በዋስ ነው የገባው። የሚወጣውም በዋስ ነው። እመልሳለሁ የሚሉ ከሆነ እኔ አለሁበት የሚል አንድ ሰው ይጥሩ። እትዬ አገሬ ፊት ይናገር። ያኔ ራሴ ተሸክሜ እጭነዋለሁ።”

“መንግሥት ዋስ ይጠራል እንዴ?”

“መንግሥት አይጠራ ይሆናል። ዕቃ የሚወስድ ሰው ግን ይጠራል።”

አለቃዬ ላብ አጠመቃቸው። ጓድ ታረቀኝ መጀመሪያ ሊቆጡ ፊታቸው ተለወጠ፤ ከዚያ ግን ሳቁ። ነገሩን በቀልድ ሊጨርሱት ፈልገው ይመስለኛል። ወደ በሪሁን ዞረው “በል እንግዲህ፣ ዋሴ ሁነኝና እንሂድ” አሉት።

በሪሁን ኮፍያውን አወለቀ። መሬት መሬት ያይ ነበር። “ጓድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ንዳ ያሉኝ ድረስ እነዳለሁ። ዋስ ግን አልሆንም።”

“ለምን?”

“እኅቴ ሞጣ ነው የተዳረችው። ኮርቻው ሳይመለስ ቢቀር እሷ ምን ብላ ውሃ ትቀዳለች?”

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ወደ አለቃዬ ዞሩ፤ አለቃዬ እንደ ሐሙሱ ጫማቸውን አዩ። ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ በቀጥታ አያቸው እንጂ ማንም አልተነሣም። የሚያስሩት፣ የሚሾሙት፣ የሚሰበስቡት ሕዝብ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ለአንድ ኮርቻ የሚዋሳቸው አንድ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ አዘንኩላቸው። በዚያች ሰዓት ሊያስሩኝ ይችሉ ነበርና ማዘኔ ራሴንም ገረመኝ፤ ግን ከልቤ አዘንኩ።

ጓድ ታረቀኝ ልጓሙን በቦታው አስቀመጡት። በጥንቃቄ ነው ያስቀመጡት፤ የተጠላለፈውን የግላሱን ክር እንኳ አቃንተውታል። “መድረኩ በእንጨት ይሠራ” አሉ ለአለቃዬ። ከዚያ በር ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ “ደፋር ነሽ። ደፋር ታይፒስት ግን አንፈልግም” አሉኝና ወጡ።

እንዳሉትም ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ከታይፒስትነት ተነሥቼ የፎቁ ጠባቂ ተደረግሁ። ቅጣት መሆኑ ነው። አለቃዬ ቁልፉን ሲሰጡኝ አፍረው ነበር፤ እኔ ግን ቁልፉን ተቀብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። እንዲህ ያለ ቅጣት ለወዳጆቼ ሁሉ እመኛለሁ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን የሆነውን ብነግራችሁ ደግሞ ይበቃችኋል። መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ፣ የብሎኬቱ ቢሮአችን ወንበር ሳይቀር ተጭኖ ሲሄድ፣ ዋሶቹ ሳልጠራቸው መጥተው በፎቁ ሰገነት ላይ ተቀመጡ። የታጠቀ አልነበረም። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዱላቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ወደዚያ በር የተጠጋ ሰው የለም። ነገሩ ከረገበ በኋላ ባለቤቶቹን ጠርቼ አሁን መፍራት ቀርቷልና አደራችሁን ውሰዱ አልኳቸው። መጡ፤ የየራሳቸውን ዕቃ አዩ፣ ዳሰሱ፤ አብዛኞቹ እዚያው ይቀመጥ ብለው ሄዱ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ስለ ሙዚየም ስታስቡ መስታወትና መብራት ይታያችሁ ይሆናል። እኛ ጋ ያኔ መስታወትም መብራትም አልነበረም። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ቤት የሚቆመው እኔ አለሁበት የሚል ሰው ሲኖረው ነው። አባቴ የሠራው ቤት የፈረሰው ድንጋዩ ደካማ ሆኖ አይደለም። እጁን የሚያወጣ ሰው ስላጣ ነው። በየከተማችሁ እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። ሌላው እስኪናገር አትጠብቁ፤ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ተናገሩ። የእኔም ተንቀጥቅጧል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሐጂ ሰይድ ደርግ ከወደቀ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ ኮርቻው ያለ ዋስ ቀረ። እትዬ አገሬን ማንን ልጥራልዎ ባልኳቸው ቁጥር ይታሰብበታል እያሉ ያቆዩኝ ነበር። አርጅተዋል፤ ቢሆንም በገበያ ቀን ሁሉ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ኮርቻቸው አጠገብ ይቀመጣሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሰው ገባ። ረጅም ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጫማው በአቧራ ተሸፍኗል። ድምፁን እስክሰማ አላወቅኩትም። ጓድ ታረቀኝ ነበሩ። ታስረው ተፈትተው ጉንደ ወይን እህል እየነገዱ እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ኮርቻው አሁንም እንዳለ ሊያዩ ፈልገው ነው የመጡት። እትዬ አገሬ በፈዘዘ ዓይናቸው አተኩረው አዩዋቸውና፣ “ያ ካኪ ለባሹ ነህ?” አሉ። “ነኝ፣ እማማ” አሉ እሳቸው፤ አንገታቸውን ደፉ።

እትዬ አገሬ ወደ እኔ ዞሩ። “ዋሴን አግኝቼዋለሁ” አሉኝ።

የሰማሁት ነገር አልገባኝም። “እትዬ፣ እኚህ እኮ ኮርቻውን ሊወስዱት የነበሩት ሰውዬ ናቸው” አልኩ።

“አውቃለሁ። ሌላው ሁሉ ያልወሰደው ስላልቻለ ነው። እሱ ችሎ ነው የተወው። እንዲህ ያለ ዋስ ከየት አመጣለሁ?”

ሰውየው ወደ ኮርቻው ተጠጉ። እትዬ አገሬ አልቸኮሉም፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጠበቋቸው። እኔም ጠበቅሁ።

“እኔ አለሁበት” አሉ በመጨረሻ፤ እጃቸውንም ኮርቻው ላይ አሳረፉ።